የቫልቩና የሞላው እርቅ

የጋሽ ልሳነወርቅን መኪና ካምቢዮ ስፈታ የሁለተኛ ማርሹ ቫልቭ ከሞላው፣ ማለትም ከስፕሪንጉ፣ ጋር ተኳርፎ አገኘሁት።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ቫልቭ ቦዲ የሚባል፣ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍል ባለ ብዙ ቦይ አልሙኒየም አለ። ሁሉንም ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩ፤ ትንንሾቹን የብረት ብዮች ቦታ ቦታቸው መለስኩ። ቫልቩን ግን ከሞላው ጎን ባስገባሁት ቁጥር ወጥቶ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል።

"ኢንጂነር፣ ቅዳሜ ልጄን እድራለሁ" አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። "ራሴ ነድቼ ልወስዳት ቃል ገብቼላታለሁ። ይሄ ደግሞ ከአንደኛ አላልፍም ብሏል።"

"በአንደኛ ይውሰዷት።"

"እንደዚያ ስናዘግም ያየን ሁሉ ሬሳ የምንሸኝ መስሎት ነጠላውን ያዘቀዝቃል!"

ሽማግሌ ላክን። አባባ ወንዳፍራሽ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውንም አስተካከሉ።

"በዳዩ ማን ነው?"

"ሞላው ነው" አልኳቸው። "ዘይቱ ቫልቩን ወደ ፊት ሊያሳልፈው ሲል ይሄ ወደ ኋላ ይገፋዋል።"

ነገሩ ይገባኛል። በከፍተኛ ማዕረግ በተመረቅኩበት ዓመት፣ የሚገባኝን የረዳት መምህርነት ቦታ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ያኔ ሽማግሌ የላከ አልነበረም።

በደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ለሞላው ጠጠር መረጥንለት። ተሸክሞ ጎንበስ አለ። ቫልቩ ዞር ብሎም አላየው።

"ተው እንጂ ልጄ" አሉ አባባ ወንዳፍራሽ። "ሙሽራ እየጠበቀች ነው።"

"ከልቡ አይደለም" አለ ቫልቩ።

"ሞላ ደግሞ ልብ ከየት ያመጣል? ለኛ ሲል ነው። አንተም ለኛ ስትል።"

ቫልቩ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ብትሆን ይቅር ትላለህ?"

"አልልም" አልኩ። "የኔ በዳይ ጠጠር እንኳ አልተሸከመም።"

ቫልቩ ጎንበስ ያለውን ሞላ አየ።

"እንግዲያው የኔ ይሻላል" አለና ሄዶ ቦታው ገባ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ ብሎኖቹን አጠበቅኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ልሳነወርቅ ለማንኛውም ብለው እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሙሽሪት ፍሬሕይወት ከኋላ ነበረች። ሁለተኛው ማርሽ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ጋሽ ልሳነወርቅ መሪውን ለቀው እልል አሉ።

"አባዬ፣ መሪውን!" ብላ ሙሽሪት ሳቀች።

ሦስተኛው ገባ፤ አራተኛው ገባ። ከዚያ አምስተኛው ገባ። ይህ መኪና አምስተኛ ማርሽ የለውም። የሚከተሉን መኪኖች ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ፤ እኔም ሳላስበው አጨብጭቤያለሁ።

ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበሩት ፎቆች ከመሠረታቸው ተነስተው ከአጀቡ ኋላ ተሰልፈዋል። መስኮቶቻቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ያጨበጭባሉ። ውስጣቸው ማንም አልነበረም።