የሩፋዒ መተንፈሻ

«ስኳር ጨምረሽበታል እኮ» አለች ጎረቤቷ ኡም ሻዝሊ፣ ሲኒውን ከከንፈሯ እያራቀች። «የሐዘን ቡና ስኳር ያውቃል እንዴ?»

ሰኒያ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ትጨምር አትጨምር ትዝ አላላትም። ባሏ ሩፋዒ ከሞተ ወዲህ እጇ የሠራውን ልቧ አያውቀውም። ሩፋዒ በግብጿ ቁሰይር ከተማ ባሕር ጠላቂዎችን ይመራ ነበር። የዚያን ዕለት ከውኃ ወጣ፣ ጀልባው ላይ እየሳቀ የመጥለቂያ መተንፈሻውን ከአፉ አወለቀ፣ ወደቀ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሴቶቹ ግን፣ ለቅሶ ቤት ወሬ አይጠፋምና፣ «መተንፈሻው ነው ያነቀው» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ዕቃውን በየማታው ጨው በሌለው ውኃ የምታጥበው ደግሞ ሰኒያ ነበረች። የአየር መግቢያው ክዳን ሳይዘጋ ከተነከረ ውኃ ውስጡ ይገባል። የመጨረሻውን ማታ ዘግታው ነበር? አንዴ ስታስበው ዘግታዋለች፤ አንዴ ስታስበው ረስታዋለች።

መተንፈሻውን የገዙት ቀን ሁርጋዳ ከተማ ሱቅ ውስጥ አብራው ነበረች። የሚያብረቀርቀውን ትቶ ከባዱንና መልከ ጥፉውን አነሳ።

«ሰው በሌለበት ደሴት ሲበላሽ ውበቱ ምን ይሠራልኛል? መለዋወጫው የትም የሚገኘው ነው የሚያዋጣው።»

«እኔንም እንዲህ አስበህ ነው ያገባኸኝ?»

«ያንቺማ መለዋወጫ የት ይገኛል?» ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው።

የሩፋዒ ወንድም ቀናዊ ከወንዶቹ የለቅሶ ድንኳን ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ነገ ወደ ደቡብ ደሴቶች እንወጣለን። እዚያ ዕቃ ቢበላሽ ጠጋኝ የለም፤ ካፒቴኑ ትርፍ መተንፈሻ የሌለውን አያሳፍርም። የሩፋዒን ስጪኝ።»

«የገደለውን?»

«ማነው ያለሽ?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም ያበላሸሁት። ክዳኑን... እንጃ።»

ቀናዊ ዕቃውን ከግድግዳው አወረደ። ክዳኑን ፈቶ መግቢያውን ወደ ብርሃን አዞረላት። «ውኃ ገብቶ ቢሆን ይቺ ወንፊት እስካሁን ዝጋ አረንጓዴ ትሆን ነበር። እያት፤ እንደ አዲስ ማንኪያ ናት።»

አየች። ንጹሕ ናት። ሊቀልላት ሲገባ ባሰባት። ጥፋቱ የሷ ቢሆን የምትጣላው ሰው ነበራት፤ አሁን ሩፋዒ እንዲያው ያለ ሰበብ ሞቷል።

«ውሰደው» አለችው። ወዲያው «ቆይ» ብላ ቢላ አመጣች። የአፉን ጎማ ማሰሪያ ቆርጣ፣ ሩፋዒ ነክሶ ነክሶ የጥርሱ ቅርጽ የቀረበትን ጎማ መዥርጣ አወጣች። «የአፉን የራስህን ግጠምበት።»

ጎማውን በቀኝ እጇ ጨብጣ ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች። ባዶ ሲኒዎቹን በግራዋ ተቀበለች። በግራ መቀበል ነውር ነው። ኡም ሻዝሊ የተጨበጠውን እጅ አየችና፣ ሲኒዋን ቀስ አድርጋ የሰኒያ ግራ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።