በአደባባይ የታረመችው ቃል

መምህር የኔሰው ሞጣ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ፊት ቆሞ «ትዕቢት» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ከግእዙ ‹ዐብየ› የመጣ ነው። ‹ታላቅ ሆነ› ማለት ነው» አለ።

«ታላቅ መሆን ክፉ ነው እንዴ፣ ቲቸር?» አለች ስርጉት የምትባል ተማሪ።

የኔሰው ዞሮ ሰሌዳውን አየ። አምና ቢቸና ላይ በሰው ፊት ያረማት ቃል ይቺው ‹ዐብየ› ነበረቻ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅኔ ያስተማሩት የኔታ ገብረ ኪዳን የድሮ ተማሪያቸው ዲግሪ ይዞ ቢመጣ ደስታቸውን አልቻሉትም። በንግሡ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ስለ እሱ ቅኔ ተቀኙ። «ወልድየ ዐብየ»፣ ልጄ ታላቅ ሆነ፣ ሊሉ ፈልገው ያረጀ አፋቸው «አበየ» አለ። እምቢ አለ ማለት ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ! ዝም ቢል ምን ነበረበት? እሱ እቴ! ማይኩን ተቀብሎ «የኔታ ተሳስተዋል፤ ‹ዐብየ› ነው የሚባለው» አለ። ሰው ሳቀ። የኔታ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ። እሱ ግን ሞጣ እስኪገባ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታን ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ቢቸና ሚኒባስ ተሳፈረ። «አልፈታህም ቢሉኝስ?» ሲል መንገዱ አለቀ።

የኔታ ግቢ ሲደርስ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ባዷቸውን ናቸው። የኔታ በራፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ይፍቱኝ የኔታ! በሰው ፊት አዋረድሁዎት።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ኧረ ተነሥ ልጄ፣ እውነትህን እኮ ነው! አፌ ከዳኝ። ልጆቹን እንዳላሳስት ብዬ ለጉንደ ወይኑ መምህር ሰጠኋቸው።»

የኔሰው ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። የኔታ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩበትን ጉባኤ እሱ በአንዲት ቃል በተነው።

«እንኳን መጣህ» አሉ የኔታ። «ያቺን ቃል ብቻዬን ስለማመዳት ከርሜያለሁ። እስቲ ስማኝና አርመኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ አዲስ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ወልድየ... አበየ። ቀናልኝ?»

አልቀናላቸውም። የኔሰው ጥርት አድርጎ ሰምቷል።

«ቀንቶልዎታል፣ የኔታ» አለ፣ እንባው እየቀደመው።

የሽማግሌው ፊት በራ። «አንተ ካልህማ እውነት ነው! እንግዲያው ልጆቼን ላስጠራቸዋ!»