ውሃው የሚነሳበት

አባቴን ጎርፍ የወሰደው ጠራራ ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው።

ከተማችን በደሴ መንገድ ላይ፣ ከመንዝ ገደል ግርጌ ያለች ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። ወንዛችን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል። በልግ ነበር። አባቴ ሙሐመድሁሴን ከማዶ ገበያ በአህዮች ማሽላ ጭኖ ሲመለስ አሸዋው መሃል ደረሰ። እኛ ጋ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ሰዎች ከላይ የሚመጣውን ጉርምርምታ ሰምተው ጮኹለት። እሱም ሰምቶ ዞረ፤ ግን አልደረሰም። አህዮቹን ታች ሜዳው ላይ አገኟቸው። እሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። እኔ ያኔ ገና ጡት የጣልኩ ሕፃን ነበርኩ።

እናቴ ሲዲቃ ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ዝናብ ሳይዘንብ ውሃው ከየት መጣ?» ሰው ሁሉ አገጩን ወደ ምዕራብ ቀስሮ «ከላይ ነዋ!» ይላታል። ከላይ ማለት መንዝ ነው፤ ከከተማችን ጀርባ እንደ ግድግዳ ቆሞ ፀሐይን ከጊዜዋ በፊት የሚደብቅብን ተራራ። ሌላው ሰው «ተራራው» ሲል እናቴ «ያ» ብቻ ነበር የምትለው። ስሙን አትጠራውም።

ከዚያ ከሚመጣው ሁሉ የምትወደው እትዬ ጌታነሽን ነው። እትዬ ጌታነሽ ከላይ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ካለች መንደር ነጭ ሽንኩርትና የሱፍ ባና ይዘው ለገበያ ይወርዳሉ። ሲመለሱ በርበሬና ጨው ይሸምታሉ። ሁለቱም ልጃገረዶች ሳሉ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተዋወቁት። በወረዱ ቁጥር እኛ ቤት ያድራሉ፤ በጾማቸው ወራት እናቴ የጾም ወጥ ለብቻ ትሠራላቸዋለች። «አንድ ቀን እንኳ እኔ ጋ ብትመጪ ምናለ?» ሲሏት ግን ወሬ ትቀይራለች።

አምና ጥቅምት ላይ ሦስታችን የእናቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠናል። እኔ በስልኬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ድንቅ ቦታዎችን የሚያሳይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። የምወደው ነገር ነው፤ የበረዶ ተራራ፣ ቀይ ገደል፣ አገር የሚያህል ፏፏቴ። እትዬ ጌታነሽ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው አዩ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ላስቲክ ለብሶ ምን ያደርጋል?»

«ፏፏቴውን ሊያዩ መጥተው ነው፤ ባሕር ተሻግረው።»

«ውሃ ለማየት?»

«ውሃ ለማየት።»

«እኛ ጋም ይመጣሉ እኮ። ጓሳ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ይሰነብታሉ። ጭላዳ ዝንጀሮውን ያያሉ፣ ቀይ ቀበሮውን ያያሉ፤ ከዚያ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ወደናንተ ቁልቁል ሲያዩ ይውላሉ።»

እናቴ በርበሬ እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። «ወደኛ? እኛ ከዚያ እንታያለን?»

«በደንብ ነዋ! ቀኑ ከጠራ ቆርቆሯችሁ ሳይቀር ያብለጨልጫል።»

እናቴ የያዘችውን በርበሬ አስቀመጠችና በዝግታ «ያ ውሃ የሚነሳበትስ ይታያል?» አለች።

እትዬ ጌታነሽ እኔን አዩኝ። «ይታያል። እኔ እወስድሻለሁ» አሉ።

እናቴ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት መጣችና «ናኢማ፣ ወፍራም ልብስ ያዢልኝ» አለችኝ።

በጣርማበር በኩል ዞረን ወጣን። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር የእናቴ ጆሮ ተደፈነ፤ የፊተኛውን ወንበር ጨምድዳ ይዛ እስከ ላይ ድረስ አልለቀቀችም። ሞላሌ ላይ ለምሳ ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን። «ሰው እዚህ ይኖራል?» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። መሐል ሜዳ መናኸሪያ ስንደርስ እትዬ ጌታነሽ ቆመው እየጠበቁን ነው። የለበሱትን ባና አውልቀው እናቴን ጠቀለሏት። እንደ ሕፃን እስከ አገጯ ድረስ።

በማግስቱ ማልደን ወደ ጓሳ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርን። መንገዱ ዳር ወርደን በእግር ጀመርን። ምንም አይታይም። ጉሙ መሬት ድረስ ተኝቷል። ከጉሙ ውስጥ ሣሩ በየጉብታው ተነስቶ ይመጣል፣ እንደ አሮጊት ፀጉር የሸበተና የተንጨባረረ፤ ውርጩ ጫፉ ላይ ደርቋል። ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ደግሞ ሰው መስሎ ይቆማል። እናቴ ባየችው ቁጥር «ማነው?» ትላለች፣ እትዬ ጌታነሽ ይስቃሉ።

ትንሽ እንደሄድን እትዬ ጌታነሽ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። «አዳምጡ።»

አዳመጥን። በዙሪያችን በሙሉ አንድ ድምፅ አለ፤ ችር፣ ችር፣ ችር የሚል፣ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ጨርቅ የሚቀድ የሚመስል። ጉሙ ትንሽ ሳሳና ጭላዳዎቹ ታዩ። መንጋው መሃል ነን። መቀመጫቸውን መሬት ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ። አንዱ አውራ እንደ አንበሳ ጎፈሩን ጥሎ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት እየታየ፣ ከእናቴ በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ሣሩ ተመለሰ። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ቆየችና «እንግዳ መሆናችንን አወቀ፤ ዝም አለን» ብላ አንሾካሾከች።

ከመንጋው ወጥተን አንድ ጉብታ ላይ ስንደርስ እትዬ ጌታነሽ ወደ ኋላቸው አመለከቱ። «ከዚህ ወዲያ ያለው ውሃ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ አባይ ይገባል። ከዚህ ወዲህ ያለው ወደናንተ ነው።»

እግሬን ከፍቼ ጉብታው ላይ ቆምኩ። በግራ እግሬ በኩል የወደቀ ጠብታ ሱዳንን፣ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል። በቀኝ እግሬ በኩል የወደቀው ከአዋሽ ጋር አፋር በረሃ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው እርምጃ ሥር ነው። በስልኬ ያየሁት ፏፏቴ ሁሉ ተደምሮ እንደዚያ አላስደነገጠኝም።

ወረድ ስንል መሬቱ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥ ጀመር። እትዬ ጌታነሽ ተንበረከኩና ሣሩን በእጃቸው ከፈሉት። ከሥሩ ውሃ አለ። አይፈስም፤ ያልባል። አልቦ አልቦ ይጠራቀምና የጣት ውፍረት ሆኖ በሣሩ መሃል ይሄዳል።

«ይኸው» አሉ።

እናቴ አየችው። ዙሪያውን አየች፣ ሌላ ነገር የቀረ መስሏት። «ይሄ?»

«ይሄ ነው፤ እንዲህ ያለ ብዙ አለ። ሁሉም ታች ይገናኛሉ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከየጉብታው የሚወርደው ይጨመርበታል።»

«ይሄ ነው ሙሐመድሁሴንን የወሰደው?»

እናቴ ጫማዋን አወለቀች። በዚያ ብርድ ባዶ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አልሸፈነም። እንደዚያ ሆና ቆመች። ተናዳ እንደሁ፣ አዝና እንደሁ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀድታ ጠጣችው።

«ይጣፍጣል» አለች፣ ተገርማ።

ውሃውን ተከትለን ሄድን። ሌላ ተቀላቀለው፣ ደግሞ ሌላ፤ ድምፅ አወጣ። ድንገት እትዬ ጌታነሽ እናቴን በወገቧ ያዟት። «ቁሚ። አፋፉ ነው።»

ከፊታችን ያለው ነጭ ብቻ ነበር። ውሃው እዚያ ነጭ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሲወድቅም አይሰማም። ጠበቅን። እትዬ ጌታነሽ የገብስ ቆሎ አውጥተው አካፈሉን። ፀሐይዋ ሞቅ እያለች ስትመጣ ጉሙ እንደ መጋረጃ ከመሃሉ ተቀደደ። ከሥራችን ዓለም ተከፈተ።

እንዴት ብዬ ልናገር? ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ንስሮች ከእግራችን በታች ይዞራሉ፣ ጀርባቸው ይታያል። ከሥሩ ኮረብታ በኮረብታ ላይ፣ ከዚያ ሜዳው፣ ከዚያ አፋር፤ ሰማይና ምድር የሚለዩበት መስመር የለም። የደሴ መንገድ ጥቁር ክር ነው። የኛ ከተማ የተበተነ ማሽላ ታህላለች። ወንዛችን ነጭ አሸዋውን እያሳየ ከገደሉ ሥር ወጥቶ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

እናቴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሱብሓነላህ» አለች። ደግማ፣ ደጋግማ። «ሱብሓነላህ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የቆመው? እኔ እኮ ሥሩን ብቻ ነው የማውቀው።» ብዙ ቆይታ ጣቷን ዘረጋች። «ያቺ ናት። የሙሐመድሁሴን መሻገሪያ። ዛፉ አጠገብ።»

እትዬ ጌታነሽ አጠገቧ ተቀመጡ። «ሲዲቃዬ፣ ያን ቀን እዚህ ዘንቦ ነበር።»

እናቴ ዞር አላለችም።

«ዝናቡ ጠፍቶብን የበልጉ ገብስ ሊደርቅብን ነበር። ታቦት አውጥተን ምህላ ስናደርስ ሰነበትን። ያን ቀን ጣለው። ወንድ ሴቱ እልል አለ፤ እኔም እልል ብያለሁ። ገበያ ወርጄ ስታለቅሺ አገኘሁሽ። ቀኑን ስትነግሪኝ ምላሴ ተሳሰረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።»

ንፋሱ የእናቴን ባና ያርገበግበዋል። እትዬ ጌታነሽ መሬት መሬት ያያሉ።

«ገብሱስ?» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?»

«ገብሱስ ደረሰ ወይ?»

እትዬ ጌታነሽ እንባቸው መጣ። «ደረሰ። ልጆቼ ጠግበው ከረሙ።»

«እንኳን ደረሰ» አለች እናቴ። እጇን ልካ የጓደኛዋን እጅ ፈለገችና ባናው ሥር ከተተችው፤ የቀዘቀዘ እጅ እንደሚያሞቅ ሰው።

የቀትር ሶላት ሲደርስ በዚያው ውሃ ውዱእ አድርጋ ሰገደች። እትዬ ጌታነሽ ራቅ ብለው፣ ጭላዳ እንዳይጠጋ በዘንጋቸው እየጠበቁ ቆሙ። ከዚያ በኋላም እናቴን ከአፋፉ ማንሳት አልተቻለም። የደመናው ጥላ ሜዳው ላይ ሲሄድ እንደ ልጅ በጣቷ ትከተለው ነበር። «ያቺ ጥላ ያረፈችበት ሰው ‹ደመነ› ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ‹ፀሐይ ነው› ይላል» አለችኝ። ሁለት ቀን አድረን ለመመለስ ነበር የመጣነው፤ ሳምንት ሙሉ እትዬ ጌታነሽ ቤት ሰነበትን፣ በየጠዋቱ «ወደ ጓሳ እንሂድ» እያለች።

ዘንድሮ በልግ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን የእናቴ ስልክ ጮኸ። እትዬ ጌታነሽ ናቸው። እኔ የሱቁ ባንኮኒ ጋ ቆሜ ድምፃቸው ይሰማኛል፦ «ሲዲቃ፣ ጓሳ ላይ ዶፍ ጥሏል! ሰው ከወንዙ አስወጪ!»

እናቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አሸዋው ላይ ፍየል የሚነዱ ሴቶችና አንድ ጋሪ ነበሩ። «ውጡ! ውጡ!» እያለች እጇን አወናጨፈች። ባለጋሪው ሰማይ ሰማይ እያየ ሳቀባት፤ እሷ ግን የፈረሱን ልጓም ራሷ ይዛ እየጎተተች ወደ ዳር አወጣችው። ሴቶቹም ፍየሎቻቸውን እየነዱ፣ እያጉረመረሙ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ያ ጉርምርምታ ተሰማ። ባለጋሪው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

ውሃው ቡናማ ግድግዳ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። አንዷ ሴትዮ ተነስታ ልትሸሽ ስትል እናቴ ክንዷን ያዘቻት።

«ተቀመጪ እህቴ፤ እዚህ አይደርስም። ተቀመጪና እዪው» አለቻት።

ሁላችንም ዳሩ ላይ ተቀምጠን አየን።