አሥራ አንድ ሳምንት በመስፍኑ ግንብ

ሰፈሩ ሁሉ «ኮስታራዋ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣችላት የገዛ እናቷ ናት፤ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ እየሞረደች ከፍሬም ጋር ትገጥማለች። ሥራዋ የፀጉር ያህል ስህተት አይወድም፤ እሷም አትወድም። ትዳሯ ፈርሶ ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የእናቷን መድኃኒት የምታመጣ እሷ፣ ቧንቧ ሲያፈስ ሠራተኛ የምትጠራ እሷ፣ የእናቷን መነጽር በየዓመቱ በእጇ የምትሠራ እሷ ናት።

እናትየው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» ስትል ስለኖረች ቤቷም ጸጥ ያለ ነበር። እናትና ልጅ እራታቸውን ይበላሉ፣ ዜና ያያሉ፣ «ደህና እደሪ» ተባብለው ይለያያሉ። ኮስታራዋ ፍቅር ማለት ይኸው ነው ብላ ታምን ነበር። አልተሳሳተችም።

ከዚያ ምራቲቱ መጣች። የኮስታራዋ ታናሽ ወንድም መንገድ ሥራ ላይ የዶዘር ኦፕሬተር ነው። ሩቅ ቦታ ለስድስት ወር ሲመደብ ሚስቱን «እማዬ ጋ ትቆይልኝ» ብሎ ከነሻንጣዋ፣ ከነልብስ ስፌት መኪናዋና ከነጌም ማሽኑ አምጥቶ አደረሳት። ክብ ፊት ያላት፣ ስትስቅ ትከሻዋ ጭምር የሚስቅ ልጅ ናት። በመጣች በሦስተኛው ሳምንት እናትየው «ድምቡሼ» የሚል ስም አወጣችላት። ኮስታራዋ ይህን ሰምታ ሁለቱን ስሞች አነጻጸረች። ለአንዷ ድምቡሼ፣ ለሌላዋ ኮስታራ!

ድምቡሼ ማሽኑን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ የምትጫወተው ጨዋታ በጥንት የጃፓን መሳፍንት ዘመን የሚካሄድ ነው። ጥቁር የለበሰች ኒንጃ የአንድ ክፉ መስፍን ግንብ ውስጥ ሰርጋ እየገባች የታሰሩትን የመንደሯን ሰዎች አንድ በአንድ ታስመልጣለች። ዋናው ነገር መዋጋት ሳይሆን አለመታየት ነው። በጣሪያ ክዳን ላይ እንደ ድመት መሄድ፣ በወረቀት በር ጀርባ ትንፋሽን ውጦ መቆም፣ ሲረግጡት እንደ ወፍ የሚንጫጫውን የእንጨት ወለል በዘዴ ማለፍ። እናትየው ለዚህ የተፈጠረች ሆና ተገኘች። መጀመሪያ ከጎን ተቀምጣ ፋኖስ የያዙትን ዘበኞች እርምጃ ትቆጥር ነበር፤ «ሰባት ሄደ... ዞረ... አሁን ሂጂ!» እያለች። ቀስ በቀስ ጆይስቲኩን ራሷ ያዘችው።

ደንብም አወጣች፤ ማንም አይገደልም። «ደሞዝተኛ ዘበኛ ምን በደለኝ?» ትላለች። ለየዘበኛውም ስም አወጣች፤ «ጉፋያው»፣ «አስነጣሹ»፣ «አቶ ቀና ብዬ»። ድምቡሼ በሳቅ ትንፈራፈራለች፤ እናትየው ደግሞ እንባዋን እየጠረገች «እሽሽ! ይሰሙናል» ትላታለች።

ኮስታራዋ ከሥራ ስትመለስ ሳቁ ደረጃው ላይ ይቀበላታል። በሩን ከፍታ ስትገባ እናቷ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ «መጣሽ?» ትላለች፤ በቃ። አንድ ቀን ቢከነክናት «እማዬ፣ ዓይንሽ ይደክማል። የሠራሁልሽ መነጽር ለማንበቢያ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም» አለቻት።

«ድምቡሼ ወንበሬን ወደ ኋላ አድርጋልኛለች፤ ደህና ይታየኛል» አለች እናትየው።

ይህም ይሁን። የባሰው የመጣው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድምቡሼ አማቷን «እማማ» ብላ፣ «ይቀመጡ፣ ይነሱ» እያለች ነበር የምታናግራት። ያን ቀን ዘበኛው በድንገት ዞሮ ፋኖሱን ወደ ኒንጃዋ ሲያነሳ ድምቡሼ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «እማዬ፣ ዝቅ በይ! ዝቅ በይ!» ብላ ጮኸች። እናትየው ዝቅ አለች፤ ዘበኛው አለፈ፤ ሁለቱም እፎይ አሉ። ቃሉን ልብ ያለው የለም፤ የሳሎኑ በር ላይ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከቀረችው ከኮስታራዋ በቀር። አንድ እናት ነበረቻት፤ እሷንም ተሻሟት። ከዚያ ወዲያ ቅናቱ እሳት ሆኖ ፈጃት። መነጽር ቤት ቁጭ ብላ ሌንስ ስትሞርድ ጆሮዋ ላይ «ዝቅ በይ» ይላታል። በዚያ ሳምንት ሁለት ሌንስ አበላሸች፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሁለቱ አንድም ጊዜ ሳይታዩ የመጨረሻው በር ደረሱ። እሑድ ሊጨርሱት፣ ለድምቡሼ ባልም በቪዲዮ ደውለው ሊያሳዩት ተቀጣጠሩ። ቅዳሜ ድምቡሼ የስፌት ክር ልትገዛ ስትወጣ እናትየውም ተከትላት ሄደች። ኮስታራዋ ግማሽ ቀን ሠርታ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው።

ማሽኑን ስትከፍተው ላየው ብቻ ነው አለች ለራሷ። አሥራ አንድ ሳምንት በበር ቀዳዳ ስታይ ስለከረመች የቱ የት እንዳለ ታውቃለች። የተቀመጠው ጨዋታ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ከጎኑ ጣሪያ ላይ የተንበረከከች ኒንጃ አለች። የአሥራ አንዱን ሳምንት ጨዋታ የሚሰርዘውን ማጥፊያ ነካች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። እርግጠኛ ነበረች። እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና ነካችው። ከዚያ ማሽኑን ዘግታ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ምሳዋን በላች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ ሆና ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ ለቅሶ ጠብቃ ነበር። የሰማችው ግን የእናቷን ቀጭን ድምፅ ነው። «ዓርብ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ምን ነክቼ ይሆን?»

ሰኞ ማታ ወደ ቤት ስትገባ ምድጃው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየች። «ጋዙን አጥፊ» ይላል፤ በዚያ ቀጥ ባለው የቤተ መጻሕፍት ካርድ ጽሕፈት። በሩ ላይ «ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ» የሚል አለ። ማቀዝቀዣው ላይ የልጆቿ የልደት ቀን ሳይቀር ተጽፏል። ኮስታራዋ ክው አለች። የእናቷ እናት በስተርጅና ልጆቿን ሳይቀር ረስታ ነው የሞተችው፤ እናትየው በዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ቢኖር ያ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም። እንዳልረሳ ነው።» ወረቀቱን በእጇ አደላደለችና «ሐሙስ ክሊኒክ ትወስጂኛለሽ? ድምቡሼን ማስጨነቅ አልፈልግም» አለቻት።

ያኔ መናገር ነበረባት። «እሺ፣ እወስድሻለሁ» ብቻ አለች። ማክሰኞም አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ። ከዚያ ሁሉ ጥፋት መሀል እናቷ እሷን መምረጧ ደስ እንዳላት ስታውቅ ራሷን ተጸየፈች።

ዶክተሩ መነጽሩ የተንጋደደበት ወጣት ነበር። «ሎሚ፣ መኪና፣ መስኮት፤ እነዚህን ይያዙልኝ፣ በኋላ እጠይቅዎታለሁ» አለና ሰዓት እንድትስል ወረቀት ሰጣት። እናትየው ክቡን መሳል ጀመረች።

«ለመሆኑ ምን አጋጥሞዎት ነው የመጡት?»

«አሥራ አንድ ሳምንት የለፋሁበትን ነገር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ማጥፋቴን ግን አላስታውስም።»

«ምን ነበር እሱ?»

«የጃፓን ግንብ ነው። የመጨረሻው በር ላይ ነበርኩ። በጣሪያ በኩል ነው የገባሁት።»

ዶክተሩ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቅሎ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረ። ኮስታራዋ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አየችና አላስቻላትም።

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

እናትየው እርሳሷን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ቅዳሜ። ክር ልትገዙ ስትወጡ።»

«ለምን?»

ስንት ምክንያት አዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እማዬ አለችሽ» አለች እንደ ሕፃን ድምፅዋ ተሰብሮ። «ዝቅ በይ አለችሽ።»

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እናትየው ፊቷን ከልጇ ወደ እሱ መለሰች። «ሎሚ፣ መኪና፣ መስኮት» አለችው። «መሄድ እችላለሁ?»

መንገድ ላይ እናት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነው ሄዱ። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ እናትየው ቆመች።

«ድምቡሼ ‹ሳጸዳ ነክቼው ነው፣ እኔ ነኝ› እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትምልልኝ ከረመች። መዋሸት አትችልም፤ አላመንኳትም።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እናትየው አልተንቀሳቀሰችም። «ማሽኑ የመጣ ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት አንቺን ነው። ‹ነይ እንሞክረው› አልኩሽ። ‹እኔ እንዳንቺ ጡረታ አልወጣሁም› ብለሽኝ ገባሽ። እሱንም አላስታውስም በይ።»

ኮስታራዋ አስታወሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እቤት ሲደርሱ እናትየው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ላጠቻቸው። ኮስታራዋ ስፌት መኪናው ጋ ሄዳ ድምቡሼን ይቅርታ ጠየቀቻት። ድምቡሼ የዚያን ቀን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ለጨዋታው አይደለም የተናደድኩት» አለች። «ሰኞ ማታ እማዬ ስሜን እየደጋገሙ ሲያጠኑ ሰምቻለሁ። እሳቸው እንደዚያ ሲፈሩ እያዩ እርስዎ ግን አራት ቀን ዝም አሉ።» አንድ እጅጌ ከመርፌው ሥር አስገባችና መኪናውን ረገጠችው።

እናትየው ኮስታራዋን እንደገና «መጣሽ?» ማለት የጀመረችው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ጨዋታውንም ሁለቱ ከሀ አንስተው ጀመሩት፤ በስድስት ሳምንት ጨረሱት። የመጨረሻው በር ሲከፈት ኮስታራዋ ማጀት ውስጥ ሰሃን እያጠበች ነበር። እልልታቸውን ሰማች። ማንም አልጠራትም፤ በክፋትም አይደለም፤ ረስተዋት ነው። ያም ቆርጧት አለፈ።

በስድስተኛው ወር ወንድሟ መጥቶ ሚስቱን ወሰደ። እናትየው ታክሲው ከዓይኗ እስኪጠፋ በረንዳ ላይ ቆማ ቀረች። የጌም ማሽኑን ልጁ «ለእማዬ ይሁን» ብሎ ትቶላት ነበር። ሦስት ቀን ማንም ሳይነካው ቆየ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት እናትየው ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረገችና ጆይስቲኩን ለልጇ ዘረጋችላት።

«ነይ ተቀመጪ። እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

ኮስታራዋ ተቀመጠች። የፀጉር ያህል ስህተት የማያውቁት ጣቶቿ እንጨት ሆኑባት። በመጀመሪያው ግቢ አራት ጊዜ ተያዘች፤ አንዴም ከጣሪያው ላይ ተንሸራታ ዘበኛው እግር ሥር ወደቀች።

«ድምቡሼ ብትኖር ይሄኔ ሁለተኛው ግንብ ላይ ነበርን» አለች እናቷ።

ኮስታራዋ ጥርሷን ነከሰች። ስሙ አሁንም እዚያው የድሮው ቦታ ላይ ነው የወጋት። ጆይስቲኩን ግን አላስቀመጠችም።

«ከየት ልጀምር?» አለች።

«ከግንቡ ሥር» አለች እናቷ፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ። «ቀስ በይ። ሦስት ሄደ... አራት...»