የቅዳሜ መርዶ

ካልጋሪ ውስጥ መርዶ የሚነገረው ቅዳሜ ነው። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። እዚህ ግን የሚያረዳው ሰው ሁሉ የሥራ ሺፍት አለበት። ስለዚህ ማክሰኞ የሞተ ሰው ለዘመዱ እስከ ቅዳሜ ድረስ በሕይወት ይኖራል። ሐዘንተኛውም ምንም ሳያውቅ ሥራውን ሠርቶ፣ አስቤዛውን ገዝቶ፣ አንዳንዴም ስቆ ተጫውቶ ሳምንቱን ይጨርሳል። እኛም "ትንሽ ቀን እንኳ ይረፍ" እንላለን።

የወንድሜ የገረመው ሚስት ጋሊና የቤላሩስ ልጅ ናት። ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሚንስክ ተልኮ ምህንድስና ሲማር ተዋወቁ፣ ተጋቡ፣ ዞረው ዞረው እዚህ ደረሱ። ታራዴል በሚባል ሠፈር ቤት ሲገዙ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ለእኔ ሰጡኝ። ጋሊና አማርኛውን ከእሱ ተማረች፣ ለቅሶ መድረሱን ደግሞ ከእኛ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፣ ከሴቶቹ ጋር አልቅሳ ስታበቃ ማድ ቤት ገብታ ሽንኩርት ትልጣለች። "ቅድስት የሚለው ስሜ ለአንቺ ነበር የሚገባው" እያልኩ እቀልድባት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። አንድ ጊዜ ማርቲንዴል ሠፈር ለአንዲት ሴት የእናቷን ሞት አርድተን ስንመለስ፣ እናትየው ከተቀበሩ ሰንበትበት ማለቱን መኪና ውስጥ ሰማች። ሴትየዋ እስከዛሬ ምን ስታደርግ እንደነበር ጠየቀችን። ሥራ ስትሄድ ነበር አልናት። ይህን ስትሰማ ወደ ወንድሜ ዞረች።

"ገሬ፣ እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ። ማልልኝ።"

እሱ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። ሞት የሚባል ነገር በደጃችንም አይለፍ፣ ግን በቃ ማልኩልሽ አላት።

ከዚያ የኮሮናው ዓመት ነሐሴ መጣ። በሰኔ የወረደው በረዶ የቤቱን ግድግዳ ወንፊት አድርጎት ሄዶ ነበር፣ ኢንሹራንሱም ገና ነገ ዛሬ እያለ ነው። ጋሊና ግን ግድግዳውንም በረዶውንም ረስታ ስልኳ ላይ ተተክላለች። አገሯ ምርጫ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የገዛው ፕሬዚዳንት እንደገና አሸነፈ ተባለ፣ ያውም ከመቶ ሰማንያ። ሕዝቡ ይሄ የእኛ ድምፅ አይደለም ብሎ አደባባይ ወጣ።

ታናሽ ወንድሟ ሚኮላ አስተማሪ ነበር። በዚያ አገር ድምፅ የሚቆጠረው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ ቆጣሪዎቹም ብዙውን ጊዜ አስተማሪዎች ናቸው። እሱ በእጁ የቆጠረው ሌላ፣ ፈርም የተባለው ሌላ ሆነ። አልፈርምም ብሎ ጥሎ ወጣ። ይህን ራሱ ደውሎ ለጋሊና ነግሯታል፣ እሷም ለእኛ ስትነግረን ፊቷ በርቶ ነበር። "እሱ ልጅ ሆኖም መዋሸት አይችልበትም" አለች። በማግስቱ ማታ እሱም ከሕዝቡ ጋር ወጣና ታሰረ። ኢንተርኔቱም ስለተቋረጠ የት እንደወሰዱት እንኳ የሚነግራት ጠፋ።

ረቡዕ ዕለት ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ የሚኮላ ሚስት ደወለች። የደወለችው ግን ለወንድሜ ነው። እሱ ጋራዥ ገብቶ አነጋግሯት ወደ እኔ ወደ ቤዝመንት ወረደ፣ ደረጃው ላይም ቁጭ አለ። ሚኮላን ደብድበውት ሆስፒታል ሞቷል። ሚስትየው ለጋሊና ልነግራት አቅም አጣሁ፣ አንተ ንገራት ብላዋለች። ቀብሩ ዓርብ ነው። በእነሱ ወግ ሣጥኑ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሆናል፣ ዘመድ ጠጋ ብሎ ሟቹን ያናግራል፣ ግንባሩን ይስማል። መንገዱ ሁሉ በኮሮና ስለተዘጋ ጋሊና መምጣት አትችልም፣ ቪዲዮ ከፍቼ ስልኩን እኔ እይዝላታለሁ፣ ትሰናበተው፣ ብላዋለች።

አሁኑኑ ውጣና ንገራት አልኩት። እሱ ግን ከጋራዡ ሳይወጣ ከጋሽ ዘነበ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ጋሽ ዘነበ የሠፈሩ መርዶ ሁሉ በእሳቸው እጅ የሚያልፍ ትልቅ ሰው ናቸው። ብቻህን እንዳታረዳት፣ እስከ ዓርብ ድረስ ሁላችንም ሥራ ነን፣ ቅዳሜ ሲነጋ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብለውታል።

"ቀብሩስ?" አልኩት።

"ፊቱን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች" አለኝ። "ያንን ፊት እንድታይ አልፈልግም።"

"ወንድምጋሼ፣ ምለህላት ነበርኮ።"

"ያኔ ስምል የሞተ ሰው አልነበረም።"

በንዴት ጨስኩ። ግን እኔም ደረጃውን ወጥቼ አልነገርኳትም።

ዓርብ ጋሊና ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ በደስታ እየበረረች መጣች። እስረኞቹን መፍታት ጀምረዋል የሚል ወሬ ሰምታለች። እዚያ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው አበባ ይዘው ስለተሰለፉ፣ እሷም ከጥቂት ያገሯ ልጆች ጋር መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ልትቆም ነው። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ የሚኮላን ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፋ ከሥሩ በትልቁ "ወንድሜን ልቀቁ" ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችበት። ገረመውን ንዳልኝ ብትለው ወገቤን አሞኛል አላት። እኔ ወሰድኳት።

ሚኮላ በዚያን ሰዓት ከተቀበረ ቆይቷል። እኛ ተኝተን ሳለ ነው የቀበሩት።

ነጭ የለበሱት ሰዎች እፍኝ አይሞሉም ነበር። ጋሊና ፀጉሯን ነፋስ ሲያስቸግራት ካርቶኑን አንዴ ያዥልኝ አለችኝና ያዝኩላት። አላፊ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ እጇን እያውለበለበች ትስቃለች፣ እኔ የሟቹን ፎቶ ደረቴ ላይ ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሲፈታ እዚህ አመጣዋለሁ አለች። ኢንሹራንስ መለመን ይቀራል፣ ግድግዳውን እሱ ይሠራዋል፣ እጁ ወርቅ ነው አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው እሷው ናት፣ በሌሊት ልብሷ። ጋሽ ዘነበ ከፊት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩት ሴቶች ከኋላ፣ ሁሉም በማስክ ተሸፍነው ቆመዋል። ጋሊና ስንት ጊዜ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር የሰው በር ላይ ቆማለች! አንድ በአንድ አየቻቸው። ማን ነው የሞተው ብላ አልጠየቀችም።

"መቼ ተቀበረ?" አለች።

ጋሽ ዘነበ "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ወንድሜ ከኋላዋ መጣ። "ትናንት" አላት።

ወደ እኔ ዞረች። "አንቺም ታውቂ ነበር?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"ካርቶኑን ይዘሽልኝ ነበርኮ" አለችኝ።

ሴቶቹ እንደ ደንቡ እሪ ማለት ጀመሩ። እጇን አነሳችና ዝም አሉ። ከዚያ ወንድሜን አየችው፣ በራሷ ቋንቋ ልትነግረው ስትችል እኛም እንድንሰማ በአማርኛ ተናገረች።

"ሚኮላ ውሸት አልፈርምም ብሎ ሞተ። አንተ በእኔ ስም ፈረምክ።"

ስልክህን ስጠኝ አለችው። የሚኮላ ሚስት ከቀብሩ ላይ ደጋግማ ደውላ ነበር፣ እሱ ድምፁን አጥፍቶታል። ያልተነሱትን ጥሪዎች እስኪያልቁ አየቻቸው። ከዚያ መልሳ ደወለች።

እዚያ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሚስትየው እንደገና ወደ መቃብሩ ሄዳ ስልኩን አፈሩ ላይ፣ አበባው መሀል አስቀመጠችላት። ጋሊና በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ማውራት ጀመረች። ለቀስተኛው ሳሎን ውስጥ ከነማስኩ ተቀምጧል፣ የመጣውን ምግብ የነካ የለም። ወንድሜ ከመስታወቱ በር ኋላ ቆሞ ያዳምጣል። ቋንቋውን ከመሀላችን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

ጠጋ አልኩና ምን እያለችው ነው አልኩት። ስለ እኛ የምትነግረው መስሎኝ ነበር፣ ብትነግረውም እውነቷን ነው።

"ለምን እንደቀረች እየነገረችው ነው" አለኝ።

"ምን አለችው?"

እንባው ወርዶ ማስኩን አርሶታል።

"ሺፍት ነበረብኝ፣ ፈቃድ ከልክለውኝ ነው አለችው።"