የእትዬ ብልቃጥ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ካንሰሩ ጉበቱ ድረስ እስኪዘልቅ መርፌ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ ሲሰጡት አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ጠብታውን የማይ እኔ ነኝ። ሲያስታውከው ሳፋ የምይዝም እኔ ነኝ። ታላቅ እህቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአሥር ደቂቃ ብቅ ትልና አንድ ብልቃጥ የቅጠል ዱቄት አስቀምጣ ትሄዳለች።

የእኔን ሾርባ ሦስት ማንኪያ ቀምሶ ይገፋዋል። የእሷን መራራ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አተላው ይጨልጠዋል።

«የእትዬ እጅ መድኃኒት ነው» ይላል።

የእኔ እጅ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ ፊቷን ቋጠረች። «ጉበትህ ተጎድቷል፤ ኬሞውን ዛሬ አልሰጥህም። ሌላ የምትወስደው ነገር አለ? ቅጠል፣ ሥር?»

«ኧረ ምንም!»

ለእህቱ ሲል ዋሸ። ለእኔ ሲል ዋሽቶ አያውቅም።

ብናገር «ቀንተሽ ነው» ሊለኝ ነው፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ቤት ገባሁና ዱቄቱን ሽንት ቤት ደፋሁት። ብልቃጡን አድርቄ በወቀጥኩት ቆስጣ ሞላሁት፤ በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች ያመጣችውንም እንዲሁ።

በሁለት ሳምንቱ ጉበቱ ተሻለው፤ ኬሞውም ቀጠለ። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሳንወጣ ስልኩን አነሳ። «እትዬ፣ ቅጠልሽ እኮ ጉበቴን አተረፈልኝ!»

ወቀጣው የእኔ፣ ምስጋናው የእሷ።

ቅዳሜ እትዬ ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«ከሠራለት እጥፍ ይውሰድ እንጂ። ደግሞ እዚሁ ዓይኔ እያየ።» ራሷ በጠበጠችለት። ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አትጠጣ!» አልኩ።

«ምነው ደግሞ አንቺ?» አለ ባሌ።

«ከሁለት ሳምንት ወዲህ የጠጣኸው የእኔን ቆስጣ ነው። የእትዬን ደፍቼዋለሁ።»

እትዬ ከወገቧ ቀና አለች። «በእኔ ቀንተሽ?»

«አዎ እትዬ፣ ቀንቼ። ይሄ አይጎዳውም ካልሽ ግን ሰኞ አብረሽን ነይና ለሐኪሟ አሳያት።»

ባሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ምሬቱ ለቀቅ ሲልልኝ፣ እትዬ አዘገጃጀቷን አሻሽላ መስሎኝ ነበር።»

አሁንም እትዬ!

ሰኞ ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ሄድን። ብልቃጡን ታቅፋ ከጎኑ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ከሹፌሩ ጋ ነበርኩ፣ ሳፋዬን ይዤ።