የመሞከሪያው ዘፈን

የዘፈኑ ቃጭል እንዳልተሰማች ሚስትዮዋ ያስተዋለችው ደንበኛው የተጠገነለትን ቴፕ ታክሲ ላይ ጭኖ ማዞሪያውን ከታጠፈ በኋላ ነው። የታጠበ አንሶላ እንደያዘች በሱቁና በመኖሪያ ክፍላቸው መካከል ባለው በር ላይ ቆማ ቀረች። ቅድም ዘፈኑ ሲከፈት የሆነ ነገር ቅር ብሏት ነበር። ሐሳቧ ግን ከልጇ ሳል ጋር ነበር። ልጅቷ ጠዋት ሁለት ጊዜ ስላሳለች፣ ያ ሳል ወደ ሳንባ ምች፣ የሳንባ ምቹም ወደ ሆስፒታል አልጋ ሲሄድ እየታያት አንሶላ ታጥፍ ነበር።

ባሏ የቴፕና የራዲዮ ጠጋኝ ነው። የፊተኛው ክፍል ሱቁ፣ የኋለኞቹ ሁለት ክፍሎች ቤታቸው ናቸው። አንድ ቴፕ ተጠግኖ ሲያልቅ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የሚሞከረው በአንድ ዘፈን ነው፤ ዘፈኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም። ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት አንዲት ቀጭን ቃጭል ሦስት ጊዜ ትመታለች። ከዚያ ከበሮው፣ ከዚያ ባሱ፣ ከዚያ ሰውየው። ያቺ ቃጭል ጥርት ብላ ካልወጣች መሣሪያው ከሱቁ አይወጣም። ሚስትዮዋ ዘፈኑን ከመስማት ብዛት ጠልታዋለች፤ የቱ ቦታ ላይ ምን እንደሚመጣ ግን ተኝታም ታውቀዋለች። ዛሬ ዘፈኑ የጀመረው በቀጥታ ከከበሮው ነው። ዘፋኙም ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስል ነበር።

ወደ ሱቁ ገባች። ባሏ የሥራ ጠረጴዛውን በጨርቅ እየወለወለ ያፏጫል። ያ መሣሪያ ደህና ሆኖ ነው ወይ የሄደው ብላ ጠየቀችው። እንደ አዲስ ሆኖ ሄደ አላት፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። የሰፈሩ ሰው ባሏን የሚጠራው «ጆሮው» እያለ ነው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ቢፈለግ ከእሷ ሌላ አይገኝም። ሌሎች ጠጋኞች ቴስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ እየሰኩ የሚፈልጉትን ብልሽት እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። የእሱ ቴስተር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ባትሪው እንኳ አልቋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «አልሰማህም» ማለት፣ ለሾፌር «መንገዱ አይታይህም» እንደ ማለት ነው።

ደንበኛውም በእርግጥ ሾፌር ነበር፤ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። መሣሪያው ቁመቱ የሕፃን ደረት የሚደርስ፣ ራዲዮውንም ሲዲውንም ፍላሹንም ብሉቱዙንም በአንድ ሣጥን የያዘ፣ ሲከፈት በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ነው። ፊቱ ላይ ብዙ ሺህ ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጆሮው ወረቀቱን አይቶ፣ ይኼ ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ የሰፈሩ መብራት በጠፋ ነበር ብሎ ቀልዶ ነበር። ሽማግሌው አልሳቀም። ጩኸት ከሞተር ጋር ኖሬ ጠግቤያለሁ፣ ይህንን የገዛሁት እቤቴ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ነገር ለይቼ ለመስማት ነው አለ። ለጆሮው ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ንግግር የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራው። እንዲህ ያለ ባለ ጉልበት መሣሪያ ባሱ ሌላውን እንደሚውጥ፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እንደሚብስ፣ ጥራት ማለት ትልቁ ስፒከር ሲያጓራ ትንሿ ስትናገር መሰማቷ መሆኑን ነገረው።

ሚስትዮዋ ይህን እያስታወሰች ወጥ ቤት ገባችና የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣላት ጀመር። ባለፈው ሳምንት ስልኩ አጠገቡ ሲጠራ ዝም ብሎ ነበር። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ የምትነሳው እሷ ናት፣ ሁልጊዜ። ልጃቸው አባዬ አይሰማኝም ስትል እሱ፣ የዘንድሮ ልጆች ከአፋችሁ ሳታወጡ ነው የምታወሩት ይላታል። ይህን ሁሉ አይታለች። የሚያሳስባት ነገር ስለማይጠፋ፣ ይኼኛው በመካከል ሾልኮ አልፏት ነበር።

መቻል አልሆነላትም። የቁልፉን ዘለላ ከሚስማሩ ላይ አንስታ በእግሯ ጣት እየሄደች ከኋላው ቆመች። ቁልፎቹን ቀስ ብላ አንቀጫቀጨች። አልዞረም። ጠንከር አድርጋ አንቀጫቀጨች። ካቻቢቴውን ይዞ ሥራው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ከዚያ በስህተት ወንበሩን በጉልበቷ ገፋችውና ዱብ ሲል ወዲያው ዞረ።

«ምን ወደቀ?» አላት።

«ምንም» አለችው፣ ቁልፉን ከቀሚሷ ጀርባ ደብቃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንዳመሸችው እሷ ናት የምታውቀው። በሐሳቧ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ በቀለ። መንገድ ሲሻገር የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ ቀረ። ሱቁ ተዘጋ፤ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀራት ልጅ ደብተሯን አስቀምጣ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ይህንን ሁሉ ለእራት ሽንኩርት እየከተፈች ጨረሰችው። ባሏ እራት ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀብረሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው አላት። እሷ በመጥፎ ማሰብ የተካነች ናት እያለ ዘወትር ይቀልድባታል፤ ልጅቷም አብራው ሳቀች። ሚስትዮዋ ሽንኩርቱ ነው አለች።

በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታክሲው ተመልሶ መጣ።

ሽማግሌው ሲገባ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠም። ከታክሲው ሰውዬ ጋር ተጋግዘው መሣሪያውን መሬት ላይ አሳረፉት። ሌሊቱን ጥግ ለውጬ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ነክቼ ሞከርኩ፣ የሆነ ነገር ጎድሎታል፣ ሳይበላሽ በፊት እንዲህ አልነበረም አለ። ጆሮው አልተቆጣም። ለአባቱ እንደሚያደርገው ወንበር ሳበለት። መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ ስለቆየ የራስዎ ጆሮ ድምፁን ረስቶት ይሆናል፣ አሁን አብረን እንሰማዋለን አለው። ሚስትዮዋ በበሩ በኩል ብቅ ብላ የበሩን እጀታ ያዘች።

ጆሮው ፍላሹን ሰካ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን አነሳና በሌባ ጣቱ አየሩን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክፍሉ ጭር እንዳለ ነበር። ቀጥሎ ከበሮው ገባ።

«ይኸው ቃጭሏ» አለ ጆሮው ፈገግ ብሎ። «እንዴት ጥርት ብላ እንደወጣች ሰሙልኝ?»

«የምን ቃጭል?» አለ ሽማግሌው።

ጆሮው ዓይኑን ገለጠ። ዘፈኑን መልሶ ከመጀመሪያው አስነሳው። ጣቱ አሁንም ሦስት ጊዜ ተነሳች፣ ከበሮው አሁንም ከባዶው ላይ ገባ። ይህቺን ነው የምልዎት አለ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የሚቀለድበት መስሎት ነበር።

«ስማ ልጄ፣ አርጅቻለሁ እንጂ ጅል አልሆንኩም። የሌለ ነገር አለ ብለህ ልትሸኘኝ ነው?» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ እስቲ። ቃጭል ትሰሚያለሽ?»

ባሏም አያት። በፊቱ ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም፤ አዎ ትላለች ብሎ በሙሉ ልቡ እየጠበቀ ነበር። እሷ ትናንት ከትልቁ እስከ ትንሹ መዓት ሁሉ አስባ ነበር። ይቺ ጥያቄ ግን አልመጣችላትም። አዎ ብትል፣ ሽማግሌው ሣጥኑን ይዞ ሌላ ጠጋኝ ጋ ይሄዳል፣ ወሬውም እስከ ማታ ሰፈሩን ይዞረዋል፣ ባሏም ነገ ሌላ መሣሪያ እንዲሁ አድርጎ ይሸኛል። አይ ብትል፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረውን ሰው በሰው ፊት ታዋርደዋለች።

«የለችም ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጥኖ ተሰማት። «ትናንትም አልነበረችም።»

ጆሮው ዘፈኑን አጠፋው። ካቻቢቴውን አንስቶ መሣሪያውን አዞረና የጀርባውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ያ ሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ የዛሬው ግን ረዘመ። ጉዳዩ ትንሽ ነበር። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን የላይኞቹን ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች የምታገናኘው ሶኬት ሳትሰካ ቀርታ ተንጠልጥላለች። የኃይል ሰሌዳውን ሲያወጣ ነቅሏት፣ ሲመልስ ረስቷታል። ማንም ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ቃጭሏ ግን ልታስታውሰው ይገባ ነበር።

ሰካት። ዘፈኑን ከፈተ። ቃጭሏ ሦስት ጊዜ መታች፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ከሁሉም በላይ። የሽማግሌው ፊት በራ። የጆሮው ጣት ግን አልተነሳችም። ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ አሁንስ ብሎ ጠየቃት። አሁን አለች ስትል መለሰችለት።

ሽማግሌው ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም። ሲወጣ የጆሮውን ትከሻ ቸብ አድርጎ፣ ትናንት ጆሮህን ቤት ረስተኸው መጥተህ ነበር መሰለኝ አለው። ጆሮው ሳቀለት። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ጠረጴዛው አጠገብ ሥራ ሳይዝ ተቀምጦ አገኘችው። ስልኳ ላይ እሱ ሰምቶት የማያውቅ ዘፈን ካለ እንድትከፍትለት ጠየቃት። ልጅቷ ገረማት፤ የእኔን ዘፈን የቆርቆሮ ጩኸት ነው አይደል የምትለው አለችው። ቢሆንም ለሽያጭ ከተቀመጠ አንድ መሣሪያ ጋር በብሉቱዝ አገናኘችውና ከፈተችለት። ከዚያ ሳሏን እያሳለች ልብሷን ልትቀይር ገባች። ጆሮው ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የምትሰማውን ሁሉ እንድትነግረው ለመናት። እሷ ቆጠረችለት። ከበሮ አለ። ባስ አለ። ዘፋኟ ሴትዮ አለች። ከኋላ እንደ አሸዋ የሚንሿሿ ነገር አለ። ዋሽንት የሚመስል ነገር አሁን ገባ። ወጣ። ተመለሰ።

«እኔ ከበሮውና ባሱ አሉኝ» አለ። «ሴትዮዋም አለች፣ ከጎረቤት ቤት ሆና።»

ዘፈኑን ዘጋችው። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ጥላ በበሩ መስታወት ላይ ይሄድ ነበር።

«ትናንት ግን ሰምቻታለሁ» አላት ቆይቶ። «ዛሬም ሰምቻታለሁ። በልጄ ይሁንብኝ።»

«ሰምተሃት አይደለም። ስለምታውቃት ነው።»

ይህንን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ። ይኼ ሁሉ መሣሪያ በዚህ ዓመት ከዚህ ሱቅ ወጥቷል አለ። ስንቱን እንዲህ አድርጌ ሸኝቼ ይሆን? እሷም ትናንት ይህንኑ ስታሰላ ነበር። ስለ ቁልፉ ዘለላና ስለ ወንበሩ ነገረችው። አልተቆጣም። ወንበሩን በማን ጉልበት ገፋሽው ብሎ ጠየቃት፤ ለመሳቅ ሞክረው ሁለቱም አልቻሉም።

«ቢብስስ?» አለ በመጨረሻ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንን ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ናት፣ የሚስቀው እሱ። አሁን ሲጠይቃት አየችው። ሽበቱ በጆሮ ግንዱ በኩል መብዛቱን እስካሁን እንዲህ አላስተዋለችም ነበር።

«እኔ ትናንት ሁሉንም አስቤ ጨርሻለሁ፤ ደክሞኛል» አለችው። «ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እንሂድ። ከዚያ መጥተን፣ የሚታሰብ ካለ እንደገና አስባለሁ።»

ጆሮው መሳቢያውን ከፍቶ ቴስተሩን አወጣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ያለቀውን ባትሪ አውጥቶ የት እንደሚጥለው ጠፍቶት እጁ ላይ ያዘው። ከዚያ በጠዋት መሄዱ ይሻላል፣ ወረፋ ይኖራል አላት። ሱቁን ደግሞ እስክንመለስ አንከፍትም። ስንመለስ፣ ስሞክር እዚህ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። አንሶላሽን እዚሁ እጠፊ። ዘፈኑንም እንቀይረው አላት።

እሱንስ በደስታ አለችው።

የጠረጴዛውን ዕቃ አነሱ። እሱ የውጪውን መብራት አጠፋ፣ እሷ በልጅቷ ግንባር ላይ እጇን አድርጋ ትኩሳት አለመኖሩን አይታ ተመለሰች፤ ባታምነውም ለጊዜው ተወችው። የብረቱን በር አብረው ገፉት። ጆሮው መቀርቀሪያውን ስቦ ቁልፉን አዞረና እጁን ሳያነሳ ቆመ። ሌላ ጊዜ ዞር ብሎ ነበር የሚሄደው።

«ገባ?» አላት።

ቁልፉ ሲገባ ቀጭ ያለውን ሰምታለች።

«ገብቷል» አለችው።